የሪሞት ሮክ ክሮለር ሳስፔንሽን በራስ እጅ መስራት (ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት)

ክሮለር (ድንጋይ ላይ የምትወጣ፣ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና) የጀመረ ሰው ሁሉ መኪናዋ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትገለበጥበት መጀመሪያ የሚመጣለት ሀሳብ ሾክ መቀየር ነው። ብሩን ከፍሎ የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ሾክ ያስገባል፣ መኪናዋ ደሞ እዛው ድንጋይ ላይ እንደገና በጀርባዋ ትተኛለች። ምክንያቱም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሾኩ ጋር ሳይሆን ሊንኮቹ (አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች) የታሰሩበት ቀዳዳ ጋር ነው። የአንድ ሊንክ ጫፍ 6 ሚሊ ዝቅ ማለት ከማንኛውም ውድ ሾክ በላይ የመኪናዋን ጸባይ ይቀይራል፣ እሱን ደሞ ታች በቁጥር አሳያችኋለሁ። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ግልብጥ ነው፣ መጀመሪያ ልኬት፣ ከዛ ሊንክ፣ ሾክ መጨረሻ።

ለምሳሌ የምይዘው 1/10 ስኬል መኪና ነው (የእውነተኛው መኪና አንድ አስረኛ)፣ በ2016 የወጣውን አክሲያል ኤስሲኤክስ10 ቱ አይነት፣ ጠንካራ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን በአንድ ወጥ አካል የሚይዝ) ፊትና ኋላ፣ በሁለቱ አክስል መሃል 313 ሚሊ፣ ሻንሲው በግራና ቀኝ የተዘረጋ የብረት ሀዲድ። ትራክሳስ ቲአርኤክስ4 ወይም ሌላ ያላችሁም ያው ነው፣ ቁጥሩ ይቀየራል እንጂ ስራው አንድ ነው። ቅጠል ባሌስትራ ላለው መኪና ግን ይሄ አይሰራም፣ እሱ የራሱ አለም አለው።

እቃ

ካሊፐር ያስፈልጋል፣ ያለ ካሊፐር አትጀምሩት። ብሩጎላ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ ትራፓኖ፣ 2.5 እና 3.3 ሚሊ ፑንታ፣ ኤም3 እና ኤም4 ጥርስ ማውጫ (ማስኪዮ)። በተጨማሪ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሁለት ቢገኝ ደስ ይላል፣ ዘዴኛ ከሆናችሁ ግን አንድም ይበቃል። ማዕዘን የሚለካ አፕ ያለው ስልክ፣ ካርቶን፣ እርሳስ።

አዲስ አበባ ያላችሁ የአልሙኒየምና የስቴንለስ ዘንግ መርካቶ ብረት ከሚሸጡት ጋር ጠይቁ፣ ቁራጭ ስለሆነ የምትፈልጉት ብዙ ጊዜ ከተረፈ ላይ ይሰጧችኋል። ቆርጦ ጥርስ ማውጣቱን ለቶርኖ ቤት መስጠት ይቻላል፣ በእጅ ከሚወጣው ይልቅ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ያወጣሉ፣ ግን የከባድ መኪና ስራ የሚሰሩት ጋር ኤም3 የሚያህል ትንሽ ማስኪዮ ላይኖር ይችላል፣ ሳትሄዱ ደውሉና አረጋግጡ። እኔ በእጅ ልስራው ብላችሁ የማትለፉበት አንድ ነገር ሮድ ኤንዱ ነው፣ ማለትም ጫፉ ላይ የብረት ኳስ ያለው ፕላስቲክ። እሱን ግዙ። ቀላልና ትንሽ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ጥግ ላይ ይገባል፣ ከምትፈልጉት በላይ አድርጋችሁ አስመጡ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ሆቢ ሾፕ ገብታችሁ በፓኬት ታገኙታላችሁ፣ ምን ታካብዳላችሁ።

መጀመሪያ መኪናዋን እወቋት

ሙሉ መኪናዋን፣ ቦዲውም ባትሪውም እንዳለ፣ ፊት ጎማዎቿን ሚዛን ላይ ኋላዎቹን ደሞ በሚዛኑ ልክ ከፍ ያለ መጽሀፍ ምናምን ላይ አድርጉና ለኩ። ከዛ አገላብጡት። የምትፈልጉት ከጠቅላላው ክብደት ወደ 60 ፐርሰንት ፊት፣ 40 ኋላ እንዲሆን ነው። ባትሪው ኋላ ከተቀመጠ ሳስፔንሽን ከመንካታችሁ በፊት ወደ ፊት አምጡት፣ ይሄ ብቻውን የግማሹን ሰው ችግር ይፈታል፣ ዋጋው ደሞ ነጻ ነው።

ቀጥሎ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ስንት ሚሊ ላይ እንዳለ ማወቅ። ሾኮቹ እንዳይንቀሳቀሱ በፕላስቲክ ማሰሪያ መኪናዋ በምትቆምበት ከፍታ እሰሯቸው፣ መኪናዋን ሳንቃ ላይ በአራቱም ጎማዋ፣ ጎኗን ሳንቃው ወደሚነሳበት አዙራችሁ አቁሟት፣ እንዳትንሸራተት ከታችኛዎቹ ጎማዎች ስር ቀጭን እንጨት ምቱበት፣ ከዛ ሳንቃውን በቀስታ አንሱት። ልትገለበጥ ስትል፣ በጣት ብቻ ስትይዟት፣ ማዕዘኑን በስልክ አንብቡ። የመኪናዋን ጠቅላላ ወርድ ከጎማ ውጪ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ለክታችሁ ግማሹን ለማዕዘኑ ታንጀንት አካፍሉ፣ የክብደት ማዕከሉን ከፍታ ይሰጣችኋል። ወርዷ 230 ሚሊ ሆኖ 50 ዲግሪ ላይ ከተገለበጠች 115 ለ1.19 ሲካፈል 96 ሚሊ ገደማ ነው። ጎማው ስለሚጨፈለቅ ትንሽ ይዛባል፣ ግን ለእኛ ስራ ይበቃል። ይሄን 96 ጻፉት፣ እንፈልገዋለን።

ሊንኮቹ የት ይታሰሩ

ፎር ሊንክ የሚባለው አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙ ሁለት የታችና ሁለት የላይ ሊንኮች ያሉት ነው። የታችኛዎቹ አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይይዙታል፣ የላይኛዎቹ አክስሉ ጋዝ ስትሰጡ በራሱ ዙሪያ እንዳይሽከረከር ያደርጉታል፣ ከላይ ስታዩአቸው ደሞ እንደ ቪ ከተከፈቱ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዙታል። ቪው ከጠበበ አክስሉ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ሁለቱ የላይ ሊንኮች መሃላቸው 40 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ከመሃል መስመር 20 ዲግሪ፣ ለ110 ሚሊ ሊንክ ይሄ ማለት የአክስል ጫፉና የሻንሲ ጫፉ በጎን በኩል ወደ 38 ሚሊ ይራራቃሉ ማለት ነው። ሻንሲያችሁ ጠባብ ሆኖ ይሄን ያህል ካልተገኘ የታችኛዎቹንም በተቃራኒው ትንሽ ክፈቷቸው፣ ሻንሲ ጋር ጠበብ አክስል ጋር ሰፋ።

አሁን ዋናው ነገር። መኪናዋን ከጎን እያያችሁ ካርቶን ላይ በትክክለኛ ልኬት ሳሏት፣ ጎማው፣ አክስሉ፣ የኋላ አንድ የታችና አንድ የላይ ሊንክ ይበቃል። የሁለቱን ሊንክ መስመር ወደ ፊት አስረዝሙት፣ የሆነ ቦታ ይገናኛሉ። ከዛ የኋላ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ተነስታችሁ በዛ መገናኛ በኩል መስመር አስምሩና የፊት አክስሉ ጋ ሲደርስ ከመሬት ስንት ሚሊ ላይ እንዳለ ለኩ። ያንን ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ አካፍላችሁ በ100 ስታበዙት አንቲ ስኳት የሚባለውን ፐርሰንት አገኛችሁ። 100 ሲሆን ጋዝ ስትሰጡ ኋላው አይቀመጥም አይነሳምም። ከ100 በላይ ሲሆን ኋላው ይነሳል፣ ጎማው መሬቱን በሀይል ይገፋል፣ ከዛ ይለቃል፣ ከዛ እንደገና ይገፋል፣ ያ ኋላው ዳገት ላይ ቱ ቱ ቱ እያለ የሚዘልላችሁ ነገር ይሄ ነው። በጣም ሲያንስ ደሞ ኋላው ቁጭ ይልና ፊቱ ይቀላል።

በቁጥር እንየው። የኋላ አክስል ላይ የታችኛው ሊንክ ቀዳዳ ከመሬት 50 ሚሊ፣ የላይኛው 85 ሚሊ ላይ ነው እንበል። ሁለቱም ሊንኮች ወደ ፊት 110 ሚሊ ሄደው ሻንሲው ላይ ይታሰራሉ፣ የታችኛው 68 ሚሊ ከፍታ ላይ፣ የላይኛው 90 ላይ። መስመሮቹ ከአክስሉ 296 ሚሊ ፊት ለፊት፣ 98 ሚሊ ተኩል ከፍታ ላይ ይገናኛሉ። ከጎማው ስር የሚነሳው መስመር ፊት አክስል ጋ 104 ሚሊ ላይ ያልፋል። 104 ለ96፣ 108 ፐርሰንት። አሁን ሌላ ምንም ሳትነኩ የታችኛውን ሊንክ የሻንሲ ጫፍ 6 ሚሊ ብቻ አውርዱት፣ ከ68 ወደ 62። መገናኛው 550 ሚሊ ርቀት ላይ ይሄዳል፣ መስመሩ ፊት አክስል ጋ ወደ 63 ሚሊ ይወርዳል፣ ፐርሰንቱ 65 ይሆናል። ከ108 ወደ 65 በአንድ ቀዳዳ! ሾክ ገዝታችሁ ይሄን ለውጥ አታገኙትም።

አራቱም ጎማ ስለሚነዳ ትክክለኛው ሀይል ከዚህ ያንሳል፣ ግን ሁለት ቀዳዳ ለማወዳደር ስሌቱ አሪፍ ይሰራል። እኔ ለዳገት መኪና ከ60 እስከ 100 መሃል ጀምሩ ነው የምለው፣ ድንጋዩ ደረጃ ደረጃ ከሆነ ወደ ታችኛው፣ ልሙጥ ሰፊ ድንጋይ ከሆነ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ቀዳዳ ያለው የሊንክ መያዣ ከላሜራ ወይም ከ3 ሚሊ አልሙኒየም ቆርጣችሁ በ4 እና 5 ሚሊ ልዩነት ብትበሱት ሜዳ ላይ እየቀያየራችሁ ትሞክራላችሁ፣ ከማንም ምክር የተሻለው እሱ ነው።

የፊት አክስል ላይ ያው ስዕል ተገልብጦ ይሰራል፣ መገናኛው ከአክስሉ ኋላ ይሆናል፣ ጋዝ ስትሰጡ ሊንኮቹ የሻንሲውን አፍንጫ ወደ ታች ይስቡታል። ዳገት ላይ የሚፈለግ ነው፣ ግን ሊንኮቹ በጣም ከቆሙ አክስሉ ድንጋይ ሲገጭ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ስለዚህ መጠነኛ ይሁን።

ሊንኩን መስራት

የሊንክ ርዝመት ሲባል ከኳስ መሃል እስከ ኳስ መሃል ነው፣ የዘንጉ ርዝመት አይደለም። በምሳሌያችን 110 ሚሊ አግድም ሄዶ 18 ሚሊ ከፍ የሚል ሊንክ ርዝመቱ 111 ሚሊ ተኩል ይመጣል። ሮድ ኤንዱን ከኳሱ መሃል እስከ ጀርባው ለኩ፣ 18 ሚሊ ቢሆን ሁለቱ 36 ናቸው፣ ከ111 ተኩል ሲቀነስ 75 ተኩል ይቀራል። ዘንጉን 74 ሚሊ ቁረጡት፣ ያቺ ሚሊ ተኩል ለማስተካከያ ናት። ሁለቱን የግራና ቀኝ ዘንጎች አንድ ላይ ሞርሳ ውስጥ አስራችሁ ጫፋቸውን በሞረድ እኩል አድርጉ፣ የግማሽ ሚሊ ልዩነት አክስሉን ያጣምምና መኪናዋ ቀጥታ መሄድ ትተዋለች።

ለኤም4 ጥርስ 3.3 ፑንታ፣ ለኤም3 2.5 ፑንታ። 6 ሚሊ ዘንግ ላይ ኤም4 ካወጣችሁ በዙሪያው የሚቀረው ግድግዳ 1 ሚሊ ብቻ ነው፣ ለላይኛው ሊንክ ይበቃል፣ ድንጋይ ለሚያርፍበት ለታችኛው ግን 7 ወይም 8 ሚሊ ዘንግ ያዙ፣ ወይ ኤም3 አድርጉት። አልሙኒየም ላይ ስትሰሩ ላምባ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ማስኪዮውን ግማሽ ዙር ወደ ፊት ሩብ ዙር ወደ ኋላ፣ የሚወጣውን ብናኝ እየጠረጋችሁ። ማስኪዮ ውስጡ ከተሰበረ ዘንጉን ጥላችሁ አዲስ ቁረጡ፣ ለማውጣት መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ማስኪዮ የሌለው ሰው ሌላ መንገድ አለው፣ እኔ እንደውም ለጀማሪ ይሄን እመርጣለሁ። ጥርስ ያለው ኤም3 ዘንግ ሙሉውን ርዝመት ትጠቀማላችሁ፣ በላዩ ላይ ውስጡ 3 ሚሊ የሆነ የአልሙኒየም ቱቦ ታለብሱታላችሁ፣ ሁለቱን ሮድ ኤንዶች ከግራና ከቀኝ ስታጠብቁ ቱቦው መሃል ላይ ይጨመቃል፣ ሊንኩም ድርቅ ይላል። የቱቦው ርዝመት የሊንኩን ርዝመት ይወስናል፣ ማሳጠር ከፈለጋችሁ ቱቦውን ትሞርዱታላችሁ፣ በቃ።

ከምን ይሰራ ለሚለው፣ የታችኛዎቹን ከስቴንለስ ብትሰሩ ክብደቱ ታች ስለሆነ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ዴልሪን የሚባለው ፕላስቲክ ድንጋይ ላይ በደንብ ይንሸራተታል፣ ሲገጭም ተጣጥፎ ይመለሳል፣ ካገኛችሁት ለታችኛው ሊንክ የሱን ያህል የለም። አልሙኒየም ቀላልና ለመስራት ምቹ ነው ግን ድንጋይ ይነክሰውና ይይዘዋል። ከድንጋይ ለመሸሽ ሊንኩን ማጠፍ የምትፈልጉ ደሞ ሁለት ነገር እወቁ፣ 7075 የሚባለው ጠንካራው አልሙኒየም በቀዝቃዛ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ማጠፍ ካለባችሁ በሰፊው ክብ ቀስ ብላችሁ፣ ወይም በብረት። ሌላው፣ ሁለቱም ጫፉ ኳስ የሆነ የታጠፈ ሊንክ ሆዱ ወደ ታች ይገለበጣል፣ እንዳይገለበጥ ከሮድ ኤንዱ ጎን ሮንዴላ አስገብታችሁ ክፍተቱን አጥቡት።

ስትገጥሙት የአንድ ሊንክ ሁለቱ ሮድ ኤንዶች ፊታቸው ትይዩ ይሁን። አንዱ ዞሮ ከታሰረ አክስሉ ሲያጋድል ቀድሞ ይጨርሳል፣ ከዛ ፕላስቲኩ ኳሱን ይተፋዋል። የኤም4 አንድ ሙሉ ዙር 0.7 ሚሊ ነው፣ የኤም3 ግማሽ ሚሊ። ቅድም የሻንሲ ጫፉን 6 ሚሊ ስናወርድ ሊንኩ 0.8 ሚሊ ማጠር ነበረበት አክስሉ ቦታውን እንዳይለቅ፣ ያ እንግዲህ አንዱን ሮድ ኤንድ አንድ ዙር ማስገባት ነው። የላይኛውን ሊንክ ስታሳጥሩ ስታስረዝሙ ደሞ አክስሉ ራሱ ይዞራል፣ የድራይቭ ሻፍቱ ማዕዘን ይቀየራል፣ ፊት ከሆነ የመሪው ዝንባሌም አብሮ ይቀየራል። ክሮቸራው ጫፍ ላይ ደርሶ እንዳይጣበቅ ብቻ አድርጉ፣ በክሮለር ፍጥነት ትንሽ መንቀጥቀጥ ማንም አያስተውለውም።

ፊት ላይ ሰርቮው የት ነው?

ሰርቮው (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) አክስሉ ላይ ከተቀመጠ ፎር ሊንክ አድርጉና እለፉት። ሰርቮው ሻንሲ ላይ ከሆነ ግን (መልኩ እውነተኛ መኪና ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሄን ይወዳል) አንዱን የላይ ሊንክ አውጥታችሁ ፓንሃርድ ባር አስገቡ፣ ከሻንሲው አንድ ጎን ወደ አክስሉ ሌላ ጎን በአግድም የሚሄድ ዘንግ። ከሰርቮው ወደ ጎማው የሚሄደው የመሪ ዘንግና ፓንሃርዱ ርዝመታቸው እኩልና ትይዩ መሆን አለበት። ካልሆነ አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ ሁለቱ የተለያየ ቅስት ይሰራሉ፣ መሪ ሳትነኩ ጎማው ይዞራል። ፈትሹት፣ መሪውን መሃል አድርጉና የፊቱን ሾክ በእጅ ጨምቁ፣ ጎማው ከዞረ የአንዱን ጫፍ ከፍታ ቀይሩ።

ሾክ፣ አሁን ጊዜው ደረሰ

ሾክ ሳይኖር አክስሉን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት፣ አንዱን ጎማ አንሱ ሌላውን አውርዱ። ላይ ጎማው ከቦዲው ጋር የሚጋጭበትን፣ ታች ድራይቭ ሻፍቱ የሚወጣበትን ወይም ክሮቸራው የሚጣበቅበትን ነጥብ በካሊፐር ያዙ። በሾክ መያዣዎቹ መሃል ያለው ትንሹና ትልቁ ርቀት የሾካችሁን ልክ ይነግራችኋል። ለዚህ አይነት መኪና ብዙ ጊዜ 90 ሚሊ ነው የሚገባው ግን የሰውን ልክ አትውሰዱ። ሾኩ ተጨምቆ ከትንሹ ርቀት በታች የሚሄድ ከሆነ ዘንጉ ላይ የፕላስቲክ ቀለበት አስገብታችሁ አቁሙት።

ረጅም ጉዞ ያለው ሾክ የተሻለ ነው የሚለውን እርሱት። ሁለት ጎማ ሰማይ ላይ ያለች መኪና ፎቶ ላይ ታምራለች፣ ድንጋይ ላይ ግን የክብደት ማዕከሉ ከፍ ይላል፣ ትገለበጣለች።

ሞላውን ስትመርጡ ወጥ ቤት ሚዛኑ ይመለስ። መኪናዋ 2800 ግራም ብትሆን ፊቷ 60 ፐርሰንት 1680 ግራም ነው። ከዛ ላይ ሾኩ የማይሸከመውን፣ አክስሉንና ጎማዎቹን ቀንሱ፣ 750 ግራም ቢሆኑ 930 ይቀራል፣ ለአንድ ሾክ 465 ግራም። መኪናዋ ስትቆም ፊቷ 12 ሚሊ እንድትቀመጥ ከፈለጋችሁ 465 ለ12፣ በአንድ ሚሊ ወደ 39 ግራም። ይሄ ሾኩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ነው። ሾክ ባጋደለ ቁጥር ይለሰልሳል፣ 30 ዲግሪ ሲያጋድል ሀይሉ 75 ፐርሰንት ብቻ ይቀራል፣ 45 ላይ ግማሽ። ስለዚህ 30 ዲግሪ ላጋደለ ሾክ 39ን ለ0.75 አካፍሉ፣ 52 ግራም በሚሊ። ያላችሁን ሞላ ሚዛን ላይ አቁማችሁ 10 ሚሊ ጨምቁት፣ 520 ግራም አካባቢ ካነበበ እሱ ነው ሞላችሁ። ፓኬቱ ላይ ያለውን ቀለም ማመን አያስፈልግም። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሞላ ቆርጣችሁ ብታሳጥሩት ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም፣ ሰው ሁሉ ለማለስለስ እያለ ነው የሚቆርጠው።

ስትቆም ከሾኩ ጉዞ ወደ ግማሽ መቀመጧ ለክሮለር ጥሩ ነው፣ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ ይኖረዋል። ከዚህም አልፎ ድሩፕ የሚባለው አሰራር አለ፣ ሞላውን ሾኩ ውስጥ ከፒስተኑ ስር ታስገቡታላችሁ፣ ሞላው መኪናዋን ከማንሳት ይልቅ ወደ ታች ይስባታል። መኪናዋ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፣ ለውድድር የሚነዱ ብዙ ሰዎች ይወዱታል። ግን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ በሚሄድ መንገድ ላይ ሆዷ ይፈጫል፣ ለመዝናኛ ለምትነዱት ተራው ይሻላችኋል ብዬ ነው የማስበው።

ዘይቱ ሲሊኮን ይሁን፣ ከ30 እስከ 40 ደብሊውቲ (የዘይቱ ውፍረት መለኪያ) መሃል። የሞተር ዘይት እንዳታስገቡ፣ የሾኩ ቀለበቶች ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ስለሆኑ በነዳጅ ዘይት ያብጣሉ፣ ከዛ ዘንጉ ይይዛል። ሾኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ዘንጉን ወደ ታች ጎትቱ፣ ዘይት ሙሉት፣ ፒስተኑን ከዘይቱ ሳታወጡ ቀስ እያላችሁ አመላልሱ፣ አረፋው እስኪወጣ አስቀምጡት። ችኮላ የለም፣ ቡና አፍልታችሁ ተመለሱ። ክዳኑን ስትዘጉ ዘንጉን ወደ ግማሽ አስገብታችሁ የተረፈው ዘይት ይፍሰስ። ሁለቱን የፊት ሾኮች ጎን ለጎን ይዛችሁ በአንድ ጊዜ ጨምቋቸው፣ እኩል ካልተመለሱ አንዱ ውስጥ አየር አለ።

አንዱ ጎን የሚነሳባችሁ ከሆነ

ጋዝ ስትሰጡ ሁሌም በአንድ ጎን የፊቱ ጥግ ከፍ ካለ ቶርክ ትዊስት ነው፣ ድራይቭ ሻፍቱ ሲሽከረከር ሻንሲውን ወደ ተቃራኒው ያጣምመዋል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሚነሳው ጥግ ላይ ያለውን ሞላ ላላ፣ የሚጨመቀው ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ጠበቅ ማድረግ፣ ዘይቱን ማወፈር፣ ሾኮቹን ወደ ውጪ አርቆ ማሰር ይረዳል። ጎማው ጋር ተጨማሪ ጥርስ ያላቸው ፖርታል አክስሎች ላይ፣ ትራክሳስ ቲአርኤክስ4 በ2017 ይዞት እንደመጣው አይነት፣ ይሄ ነገር የሚቀንሰው ድራይቭ ሻፍቱ የሚሸከመው ጉልበት ስለሚያንስ ነው። ክብደት መጨመር ካስፈለጋችሁ ናስ ወይም እርሳስ ፊት አክስሉ ወይም ቸርኬው ውስጥ አድርጉ፣ መቼም ቢሆን ሻንሲ ላይ አትጫኑ።

መሞከሪያ

ሰፈር ውስጥ የኮብልስቶን ክምር ካለ ከዛ የተሻለ መሞከሪያ የለም፣ ሹል ጠርዝ አለው፣ አንዳንዱ ይነቃነቃል፣ ደረጃውን እንደፈለጋችሁ መደርደር ትችላላችሁ (ሲያልቅ ግን መልሱት፣ የሰው ስራ ነው)። ገረጋንቲ ላይ መሞከር ግን ምንም አይነግራችሁም ምክንያቱም ጎማው ስለሚንሸራተት ሳስፔንሽኑ ሀይል አያገኝም። አንድ ዳገት ምረጡ፣ እሱኑ ደጋግሙ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኋላው ከዘለለ የታችኛውን ሊንክ የሻንሲ ጫፍ አንድ ቀዳዳ አውርዱ። ኋላው ቁጭ ብሎ ፊቱ ከቀለለ አንድ ቀዳዳ ከፍ። በጎን ተዳፋት ስትሄድ ወደ ታች በጣም ካጋደለች የሾኮቹን የላይ ጫፍ ወደ ውጪ፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ከቀረና ሌሎቹ ከተንሸራተቱ ወደ ውስጥ።

አንድ ባትሪ ጨርሳችሁ ስትመለሱ ቡሎኖቹን ሁሉ በብሩጎላ እዩአቸው። ብረት ከብረት ጋር የሚታሰረው ላይ ቡሎን እንዳይላላ የሚይዘውን ሰማያዊ ማጣበቂያ ጠብ አድርጉ፣ ቡሎኑ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን አታድርጉ፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል። ሮድ ኤንዱን በጣት ያዙና አነቃንቁት፣ ኳሱ ቤቱ ውስጥ ከተንቀጫቀጨ ቀይሩት፣ ምክንያቱም ቅድም በካሊፐር የለካችሁት ግማሽ ሚሊ እዛ ጋ ነው የሚጠፋው።